ኮዴ ሁሌ ኤረር ነው፣ ሙያውን ልቀይር ወይ?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ "የማስተርስ መመረቂያዬ የበሽታ ስርጭት በካርታ መተንተን ነው፣ በአር (የስታትስቲክስ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ) ነው የምሰራው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ኤረር ስፈታ ነው የምውለው። አማካሪዬ የሰጠኝ ኮድ ፓኬጁ (አር ላይ የሚጨመረው የተዘጋጀ ኮድ) የለም ይለኛል፣ እሱን ስጨርስ የሁለቱ ዳታ ፕሮጀክሽን (ቦታ በቁጥር የሚገለጽበት ስርአት) አይመሳሰልም ይላል፣ ከዛ ደሞ ጎረቤት የሌለው ቦታ አለ ብሎ ይቆማል። ለዳታ አናሊስት ስራ አመልክቼ የተግባር ፈተና አለ ተብያለሁ፣ እዛ ላይ ቢበላሽብኝስ? ለዚህ ስራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ፣ ሌላ ነገር ልሞክር?"

ሙያውን ስለመተው በመጀመሪያ ልመልስልሽ፣ አትተዪ። ማለቴ ካርታና ዳታ ራሱ ካስጠላሽ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ እናወራለን፣ ከጻፍሽው ግን ያየሁት ስራው የሚገባት ኤረሩ ያሰለቻት ሰው ነው። የዘረዘርሻቸውን ሶስቱን እኮ አየኋቸው፣ አንዱ የሶፍትዌር እድሜ ነው፣ አንዱ የዳታ ችግር ነው፣ ሶስተኛው ደሞ ጭራሽ የኮድ ጥያቄ አይደለም። ቀጣሪ የሚከፍለው ይሄ ኤረር ከየትኛው ወገን ነው ብሎ ለሚለይ ሰው ነው፣ ኮዱን በቃል ለያዘማ ማን ይከፍላል። ስለዚህ ሶስቱን እንደ ስራ ልምድ አርገን እንያቸው።

የአማካሪሽ ኮድ ላይ አንቺ ምንም ጥፋት የለሽም። አርጂዳል፣ አርጂኦስ እና ማፕቱልስ የሚባሉት ፓኬጆች ድሮ በአር ካርታ የሚሰራ ሁሉ የሚጠቀምባቸው ነበሩ፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ቆይቶ በ2023 ኦክቶበር ላይ ከክራን፣ ማለትም ከአር ፓኬጆች ዋና ማከማቻ፣ ተነሱ። አሁን የሚሰራው ኤስኤፍ እና ቴራ በሚባሉት ፓኬጆች ነው። የድሮ የመማሪያ ጽሁፎች ግን ኢንተርኔት ላይ አሁንም ሞልተዋል፣ ቻትቦቶችም ከነሱ ስለተማሩ የሞተውን ፓኬጅ እንደ አዲስ ያመጡልሻል፣ አንዳንዴማ የሌለ ፈንክሽን ፈጥረው ይሰጡሻል። እና ምን አርጊ መሰለሽ፣ የአማካሪሽን ኮድ ወደ ኤስኤፍ ቀይሪውና አማካሪሽ ድሮ ካገኘው ውጤት ጋር ቁጥሩን አስተያዪ፣ ከተለያየም ለምን እንደተለያየ ጻፊ። ብዙ የምርምር ቡድንና መስሪያ ቤት የድሮ ስክሪፕት ተሸክሞ ነው ያለው፣ "አሮጌ የስፓሻል ኮድ ወደ አዲስ ቀይሬ ውጤቱ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጫለሁ" የሚል አንድ መስመር ሲቪ ላይ "አር በጣም ጎበዝ" ከሚለው አስር እጥፍ ይበልጣል።

ኢንስቶል ሲደረግም አንድ ነገር ልብ በይ። ኢንስቶል ሲከሽፍ የመጨረሻው መስመር ላይ የሚጻፈው አልተሳካም የሚል ብቻ ነው፣ ሰው ደሞ እሱን ኮፒ አርጎ ይጠይቃል። ምክንያቱ ያለው ግን ከፍ ብሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጂዳል፣ ጂኦስ ወይም ፕሮጅ የሚባለው ላይብረሪ ኮምፒውተሩ ላይ አልተገኘም የሚል መስመር ታገኛለሽ። ኤስኤፍ በነዚህ ሶስቱ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሊነክስ ላይ ከአር ውጪ ለብቻቸው መጫን አለባቸው፣ ዊንዶውስና ማክ ላይ ግን ክራን ተዘጋጅቶ ያለቀውን ይሰጥሻል። እዛ ላይ ከሶርስ (ካልተዘጋጀው ጥሬ ኮድ) ልጫን ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ አይ በይው፣ አዎ ያለ ሰው ነው ብዙ ጊዜ ችግር ውስጥ የሚገባው።

አሁን ፕሮጀክሽኑ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም ኤረሩን ማጥፋት ቀላል ነው፣ እሱ ነው ችግሩ። ኤስኤፍ ውስጥ ሲአርኤስን፣ ማለትም ዳታው በየትኛው የቦታ ቁጥር ስርአት እንዳለ የሚናገረውን፣ የሚነካ ሁለት የተለያየ ነገር አለ። ኤስቲ ሴት ሲአርኤስ ዳታው ላይ የተለጠፈውን ስም ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ኤስቲ ትራንስፎርም ግን ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልቶ ወደ አዲሱ ይወስዳቸዋል። ሁለት ሌየር (የካርታ ዳታ) አይመሳሰሉም ሲባል የአንዱን የሲአርኤስ መለያ በሌላው ላይ ከለጠፍሽ ኤረሩ ወዲያው ይጠፋል፣ አር ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል ግን ስራው ይቀጥላል፣ ነጥቦችሽ ግን ባህር ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ስም የሚለጠፈው ዳታው ስም ሳይኖረው ሲመጣ ነው፣ ያውም ትክክለኛው ምን እንደሆነ ካወቅሽ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የዳታውን ዳር ድንበር ቁጥሮች አውጥተሽ እያቸው። የተለጠፈው ስም ኢፒኤስጂ 4326 (የተለመደው የላቲትዩድና ሎንግትዩድ ስርአት መለያ) ከሆነ በዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ላቲትዩድ ከ90 ሎንግትዩድ ከ180 ሊያልፍ አይችልም፣ ስድስት ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ካየሽ ያ ዳታ ምናልባት በሜትር ያለ ዩቲኤም የሚባል ፕሮጀክሽን ነው፣ የተለጠፈበት ስም ውሸት ነው ማለት ነው። ነጥቦቹ ካርታው ላይ በተሳሳተ አህጉር ከወደቁ ደሞ ላቲትዩድና ሎንግትዩድ ተቀያይረው እንደሆነ እይ፣ ኤስኤፍ መጀመሪያ የሚፈልገው ሎንግትዩዱን ነው። ዜሮ ዜሮ ላይ የተከመሩ ነጥቦች ካሉም መረጃው ባዶ የነበረበት ቦታ በዜሮ ተሞልቶ ነው።

ከሱ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ኤስኤፍ ከ2021 ወዲህ፣ ከ1.0 ቨርዥን ማለት ነው፣ ዳታው በዲግሪ ከሆነ ምድርን እንደ ኳስ አርጎ ኤስቱ በሚባል ላይብረሪ ነው የሚያሰላው፣ እና ፖሊጎኑ (የቦታው ድንበር ቅርጽ) ላይ መስመር ሌላ መስመር ካቋረጠ እምቢ ይላል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኚው መልስ "ኤስቱን አጥፊው" ነው፣ ይሰራልም። ግን ሲጠፋ ርቀት የሚለካበት ነገር አብሮ ይቀየራል፣ 1000 ብለሽ የሰጠሽው በፈር (በቦታው ዙሪያ የሚሰመር ክልል) በሜትር የነበረው በዲግሪ ይሆናል። 1000 ዲግሪ! ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ግን ኤረር ያሰለቸው ሰው ማስጠንቀቂያ መቼ ያነባል። መጀመሪያ ኤስቲ ሜክ ቫሊድ ሞክሪ፣ ፖሊጎኑን ራሱን ነው የሚያስተካክለው።

ወደ ሶስተኛው ስንመጣ፣ ጎረቤት የሌለው ቦታ። ኤስፒዴፕ የሚባለው ፓኬጅ ማን ከማን እንደሚዋሰን የሚያሳየውን የጎረቤት ሰንጠረዥ ወደ ክብደት፣ ማለትም እያንዳንዱ ጎረቤት ስሌቱ ላይ ወደሚኖረው ድርሻ፣ ሲቀይር ባዶ ካገኘ ይቆማል፣ ሁሉም ሰው የሚሰጥሽ መፍትሄ ደሞ ዜሮ ፖሊሲ የሚባለውን ቅንብር ትሩ (አዎ) ማድረግ ነው። ከማድረግሽ በፊት ያ ቦታ የትኛው እንደሆነ ካርታው ላይ አውጪውና እይው። እውነት ደሴት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደሞ ድንበሩ ሲሳል በጣም ትንሽ ክፍተት ቀርታ ጎረቤቱን መንካት ያቃተው ቦታ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ጎረቤት ሲፈለግ ስናፕ የሚለውን (ምን ያህል ክፍተት እንደሚታለፍ የሚወስነውን ቁጥር) ትንሽ ከፍ አርጊው ወይም ድንበሩን አስተካክዪ። ደሴት ከሆነ ግን ኮድ አይመልስልሽም፣ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሰው በጀልባ የሚመላለስ ከሆነ በእጅ ማገናኘት ትችያለሽ፣ ወይም በርቀት ቅርብ የሆኑትን ጎረቤት ማድረግ ይቻላል። ዜሮ ፖሊሲ ትሩ ስትዪ የዚያ ቦታ የጎረቤቶቹ ድምር ዜሮ ተብሎ ይያዛል፣ የበሽታ መጠን ላይ ዜሮ ማለት ደሞ ጎረቤቶቹ ጋ በሽታ የለም እንደማለት ነው፣ ይሄ ደሞ እውነት አይደለም። መምረጥ ትችያለሽ ግን ለምን እንደመረጥሽ መመረቂያሽ ላይ ይጻፍ፣ ፈታኝ ከጠየቀሽ መልስ ይኖርሻል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣብሽ እሱ ነው። ሞራንስ አይ (ጎረቤት ቦታዎች ይመሳሰላሉ ወይ የሚለውን የሚለካ ስሌት) ስታሰሪ ርዝመታቸው አይመሳሰልም የሚል ኤረር ካየሽ፣ የሆነ ቦታ ባዶ ረድፎችን ጥለሽ ክብደቱ ግን ከሙሉው ዳታ ተሰርቶ ነው። ይሄኛው እንኳን ይነግርሻል። የማይነግርሽ ደሞ አለ፣ መርጅ የሚባለው የአር ፈንክሽን ሲያገናኝ ረድፎቹን በመለያቸው ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፣ ክብደቱን ከመገናኘቱ በፊት ሰርተሽው ከነበረ ብዛቱ ያው ነው፣ ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም፣ ግን የአንዱ ቦታ ቁጥር ከሌላው ቦታ ጎረቤቶች ጋር ነው የሚሰላው። ውጤቱ ያምራል፣ ፒ ቫልዩ አለው፣ ውሸት ነው። ስለዚህ አገናኚ፣ ባዶውን ጣይ፣ ካርታውን ሳዪና እዪ፣ ከዛ በኋላ ብቻ ከዛው ከመጨረሻው ዳታ ክብደቱን ስሪ። የቦታ መለያ ኮዶችሽም በዜሮ የሚጀምሩ ከሆነ እንደ ቁጥር ሲነበቡ ዜሮዋ ትጠፋለች፣ ግማሹ ሳይገናኝ ይቀራል፣ እንደ ጽሁፍ አስነብቢያቸው። ሼፕፋይል በሚባለው የካርታ ፋይል አይነት ሴቭ ካደረግሽ ደሞ የኮለም ስም ከ10 ፊደል በላይ ስለማይዝ ተቆርጦ ነው የሚመለስልሽ፣ ጂኦፓኬጅ የሚባለውን አይነት ተጠቀሚ እና ተገላገይ።

"ታዲያ ኪውጂአይኤስ ወይም ጂኦዳ ላይ ብሰራስ" ልትዪ ትችያለሽ፣ ሁለቱ በማውዝ የሚሰራባቸው የካርታ ሶፍትዌሮች ናቸው። ጥሩ ናቸው፣ ጂኦዳ በተለይ ለጀማሪ ኮድ ሳይጻፍ የስፓሻል ስታትስቲክስ መለማመጃ ነው፣ ነጻም ነው፣ ልመጂው። ግን ከኤረር መሸሻ አርገሽ አትሂጂ፣ ኪውጂአይኤስ ለምሳሌ የተለያየ ፕሮጀክሽን ያላቸውን ሌየሮች እዛው አስተካክሎ አንድ ላይ ስለሚያሳይሽ ችግሩ የተፈታ ይመስልሻል እንጂ ፋይሎቹ እንደነበሩ ናቸው።

አሁን ፈተናው። የሚፈትኑሽ ሰዎች ራሳቸው ዘወትር ኤረር የሚያዩ ናቸው፣ ኤረር መጣባት ብሎ የሚጥልሽ የለም፣ የሚጥሉት ኤረሩን ደብቆ ቆንጆ ካርታ ያስረከበውን ነው። ስለዚህ ስትሰሪ አጭር ማስታወሻ አብረሽ ያዢ፣ ምን ጠብቄ ነበር፣ ምን አየሁ፣ ምን ሞክሬ ምን አገለልኩ፣ ትክክል መሆኑን በምን አረጋገጥኩ። ሰአት ካለቀብሽ እንኳ "ድንበሩ ላይ ክፍተት ስላለ አንድ ቦታ ጎረቤት አጥቷል፣ ለጊዜው እንዲህ አርጌዋለሁ፣ ጊዜ ቢኖር እንዲህ አደርግ ነበር" የሚል አረፍተ ነገር ካልተሟላው ካርታ ጋር ብትልኪ ያስከብርሻል። ኢንተርቪው ላይም ያጋጠመሽን ችግር ንገሪን ሲሉሽ የምትነግሪያቸው ታሪክ አሁን እጅሽ ላይ አለ፣ የጎረቤቱን ተናገሪ፣ እሱ ኮድም ስታትስቲክስም ስራውን ማወቅም ያሳያል።

እርዳታ ስትጠይቂ ደሞ የታማሚዎችን ዳታ የትም አትለጥፊ፣ ቻትቦት ውስጥም ቢሆን። ኤስኤፍ ራሱ ውስጥ 100 ካውንቲ ያለው የኖርዝ ካሮላይና ዳታ አብሮ ይመጣል፣ ኮድሽን እሱ ላይ አስኪጂው። እዛም ኤረር ካለ ችግሩ ኮዱ ወይም ሶፍትዌሩ ነው፣ እዛ ከሰራ ዳታሽ ጋ ነው። ሶፍትዌሩ ጋ ከሆነ ያንኑ አጭር ኮድ ከሴሽን ኢንፎ (የአርና የፓኬጆችሽን ቨርዥን ከሚዘረዝረው) ጋር ለማንም መላክ ትችያለሽ፣ የሚረዳሽ ሰውም ኮምፒውተሩ ላይ አስኪዶ ያየዋል፣ "አልሰራ አለኝ" ከሚል ስክሪንሾት ጋር አይወዳደርም።

በይ ሲቪሽን እንዳልኩሽ አስተካክለሽ ላኪልኝ፣ "አር፣ ጂአይኤስ፣ ኤክሴል" ብሎ በኮማ መደርደሩን ተይና አንድ ሁለት የፈታሽውን ነገር በአረፍተ ነገር ጻፊ። እና እባክሽን ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ፓኬጆችሽን አፕዴት እንዳታደርጊ።