መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ለምትጠይቁ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣ እዚህ ጅማ የሥነ ልቦና ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ «እኛስ ለምን መድኃኒት አናዝም?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ጥቂት በሆኑበት አገር፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣ ታማሚ ተራ ሲጠብቅ ሲውል ማየት ያማል፤ የአእምሮ ጤና ነርሶችም በአገራችን ሠልጥነው መድኃኒት ሲያዙ ኖረዋል።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሃሎፔሪዶል የተባለውን የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመረ ገና ሳምንት የሆነውን አንድ ወጣት እናቱ ይዘውት መጡ። ልጁ መቀመጥ አልቻለም፤ አንዱን እግሩን ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል፣ ብድግ ብሎ እስከ በሩ ይሄድና ይመለሳል። እናቱ «ጫት ጀምሮብኛል» ብለው አለቀሱ፤ እኔ ደግሞ ጭንቀት መስሎኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አተነፋፈስ አስተማርኩት። አብራን የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ግን እግሮቹን አየት አድርጋ መድኃኒቱን መቼ እንደጀመረ ብቻ ጠየቀችው። አካቲዚያ የሚባለው፣ ሰውን አላስቀምጥ የሚል የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነበር። መጠኑ ተቀንሶ ይህን መቁነጥነጥ የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ታዘዘለት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተረጋግቶ ተቀምጦ አጫወተኝ። ያን ዕለት ማዘዣው በእጄ ቢሆን ኖሮ በሽታው የባሰበት መስሎኝ ያንኑ መድኃኒት እጨምርለት ነበር።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሉዊዚያና ደግሞ በ2004 ይህን ሥልጣን በሕግ ሲፈቅዱ እንዲሁ አልሰጡትም። ኒው ሜክሲኮ የዶክትሬት ዲግሪ ካለው ባለሙያ እንኳ 450 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ ቢያንስ 100 ታማሚዎችን በክትትል ሥር ማከምን፣ ፈተናን፣ ከዚያም በሐኪም ቁጥጥር ሥር የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድን ጠይቃለች። እኛም ደንብ እናውጣ ካልን በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ አጭር ሥልጠና ደርቦ ማኅተም መስጠትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለከባድ የስሜት መዋዠቅ ሕመም (ባይፖላር) የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን፣ ኩላሊቱና ታይሮይዱ በየጊዜው ሊመረመሩ ይገባል፤ ስለዚህ ደንቡ ምርመራው በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ማን ምን ማዘዝ እንደማይችል፣ ታማሚው ሌሊት ቢታመም ተጠያቂው ማን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። መድኃኒት መቀነስና ማቆምም ከመጀመር ባላነሰ በሥልጠናው ውስጥ ቦታ ይሰጠው።

ያ እስኪሆን ድረስ ለምክክር የሚመጣ ሁሉ የሚውጠውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ስሙን፣ መጠኑንና የጀመረበትን ቀን ካርዱ ላይ ጻፉና የጠረጠራችሁትን ሳታሳድሩ ላዘዘለት ባለሙያ አሳውቁ።