«በቃኝ» የሚባለው ስንት ሲሞላ ነው? ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምረው ኢኮኖሚክስና ሥነ ልቦና የሚገናኙበትን ጉዳይ ነው። የዛሬው ርዕስ አንዱ ሞልቶት እያለ ሌላ የሚያሳድደው፣ ሌላው ደግሞ ባለው የሚረጋጋው ለምን እንደሆነ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ጥናት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው፣ ስለ አጎታችሁ አይደለም።

የማታ ወፍ፦ መምህር፣ ሠርቶ የማይጠግብ ሰው ስስታም ስለሆነ ነው?

መምህር፦ ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። መፈለግና መደሰት አንድ ይመስሉናል፣ ግን ይለያያሉ። ኬንት ቤሪጅ የሚባል የአንጎል ተመራማሪ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል የተሟጠጠባቸው አይጦችን አጥንቷል። አይጦቹ ምግብ አጠገባቸው እያለ ሄደው አይበሉም። ጣፋጭ ነገር ምላሳቸው ላይ ጠብ ሲልላቸው ግን እንደ ማንኛውም አይጥ ይልሳሉ፣ እንደጣማቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ደስታው አለ፣ ፍላጎቱ ነው የጠፋው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ፍላጎቱ እየነደደ ደስታው ካለበት ፈቀቅ አይልም። ሦስተኛ ቤት የሚሠራውን ሰው ስታዩ፣ ሁለተኛው ቤት አስደስቶት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሌላም ልጨምር። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ተመራማሪው ክሪስቶፈር ሺና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተሳታፊው ደስ የሚል ሙዚቃ እያዳመጠ መቀመጥ ይችላል። ካልፈለገ ደግሞ ጆሮ የሚበጠብጥ ድምፅ እየሰማ ቸኮሌት ያጠራቅማል። ቸኮሌቱ እዚያው የሚበላ ነው፣ ይዞ መውጣት የለም። በትንሽ ልፋት ብዙ የሚያገኙት ሰዎች ከበሉት ከእጥፍ በላይ ሰበሰቡ። ሥራውን የሚያቆሙት ሲደክማቸው ነበር። የሚበቃቸውን ስላገኙ አልነበረም። ይህን ሙከራ ለተማሪዎቼ በነገርኩ ቁጥር አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ይላል። እኔ የማየው ዝም ያለውን ነው።

ቁጥር ወዳጅ፦ ከ75,000 ዶላር በላይ ገንዘብ ደስታ አይጨምርም ይባላል። እውነት ነው?

መምህር፦ ጉዳዩ የአሜሪካ ነው፣ ገቢውም የዓመት ነው። በ2010 ካህነማንና ዲተን የሚባሉ ተመራማሪዎች የዕለት ስሜት ከዚያ በላይ ብዙ አይሻሻልም አሉ። ሰው ሕይወቱን በጥቅሉ ሲመዝን ግን የሚሰጠው ነጥብ ከገቢው ጋር መጨመሩን እንደሚቀጥል እዚያው ጽፈዋል። ይህን ማንም አያነበውም። በ2021 ኪሊንግስዎርዝ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ስሜቱም ይጨምራል ብሎ መጣ። በ2023 ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ አብረው ተቀምጠው መረመሩት። ለአብዛኛው ሰው ይጨምራል። 100,000 ዶላር አካባቢ የሚቆመው ደስታ በጣም የራቃቸው ሰዎች ዘንድ ነው። አደራ፣ የ75,000ውን ቁጥር እንደ ተረት አትደጋግሙት።

ሰው መሆን፦ ደስታ ምንድን ነው?

መምህር፦ ቀጣይ።

ትጉህ 12፦ ይቅርታ መምህር፣ «በቃኝ» ማለት ስንፍናን ማሳመር አይደለም?

ዝምታ፦ አይደለም። ሁሉም እንዳንተ መሮጥ አለበት ያለው ማን ነው?

ትጉህ 12፦ እኔ የምሮጠው ለልጆቼ ነው።

ዝምታ፦ ልጆችህ ማታ ስትገባ ተኝተው ነው የምታገኛቸው።

ትጉህ 12፦ ቤቴን በምን አወቅሽው? ሥራ የፈታ ሁሉ ፈላስፋ ሆነ እኮ!

ዝምታ፦ ሥራ አለኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት እወጣለሁ፣ አለቀ።

የማታ ወፍ፦ ኧረ ተዉ፣ መምህሩን እንስማ።

መምህር፦ ሁለታችሁም ለሌላው ሕይወት ዳኛ ሆናችኋል። ስንፍናና እርካታ ይለያያሉ። ኸርበርት ሳይመን የሚባል ምሁር በ1956 ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ሳይሆን የሚበቃውን ሲያገኝ ፍለጋውን እንደሚያቆም ጻፈ። ሁሉም ግን እኩል አያቆምም። በ2006 የታተመ ጥናት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎችን ተከታተለ። ምርጡን ካላገኘሁ የሚሉት በመነሻ ደመወዝ ሌሎቹን 20 በመቶ ያህል በለጡ። ባገኙት ሥራ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ረኩ። ትጉህ፣ 20 በመቶው ያንተ ነው። ዝምታ፣ እርካታው ያንቺ። አሁን ታረቁ።

ጠዋት ፀሐይ፦ ጎረቤት ሲያገኝ ለምንድን ነው የሚቆጨን?

መምህር፦ መለኪያችን አጠገባችን ያለ ሰው ስለሆነ ነው። በ1998 ሶልኒክና ሄመንዌይ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አስመረጡ። አንተ በዓመት 50,000 ዶላር ታገኛለህ፣ ሌላው 25,000። ወይም አንተ 100,000፣ ሌላው 200,000። የዕቃ ዋጋ በሁለቱም አንድ ነው። ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን መረጡ። ድሃ ሆኖ መብለጥ ይሻላል አሉ ማለት ነው። ስለ ዕረፍት ቀን ሲጠየቁ ግን ፉክክሩ ቀነሰ። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ዕረፍትህን ማን ያይልሃል?

ፈጣን ሀብት፦ በአጭር ጊዜ ለመክበር ምን ልነግድ?

መምህር፦ አላውቅም። ባውቅ እዚህ አታገኘኝም ነበር።

ሰው መሆን፦ ሃይማኖት ስለ ሀብት ምን ይላል?

መምህር፦ የሃይማኖት አባት ጠይቅ።

ቁጥር ወዳጅ፦ ድሃ ባለው ቢረካ ግን አይሻለውም?

መምህር፦ እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ማጣትን እርካታ ብላችሁ አትጥሩ። በሕንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከመከር በፊትና በኋላ የአእምሮ ፈተና ተሰጣቸው። ገንዘብ ሲያጥራቸው ውጤታቸው ወረደ፣ ከመከር በኋላ ተሻሻለ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። የገንዘብ ሐሳብ አእምሯቸውን ይዞባቸው ነበር። «በቃኝ» ማለት የሚችለው የሚበቃው ያለው ነው። የቤት ኪራይ የሚያባንነውን ሰው ባለህ ተደሰት አትበሉት።

ስም የለሽ፦ መምህር፣ ያደግኩት በችግር ነው። አሁን ደህና አገኛለሁ። ግን ማቆም አቃተኝ። ማታ የባንክ ሒሳቤን ሳላይ አልተኛም።

መምህር፦ እህቴ፣ አንቺ የምታሳድጂው ሀብት አይመስለኝም። ያ ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ ዘብ ቆመሻል። ዘበኛ ደግሞ ሌባ ባይመጣም አይተኛም። ይህን ስል ሐኪምሽ አይደለሁም፣ አማካይና አንቺም አንድ አይደላችሁም። አንድ ልጠይቅሽ። ስንት ሲሞላ ነው የምታርፊው? ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈሽ አስቀምጪ።

ስም የለሽ፦ ጽፌ ነበር። ስልኬ ላይ አለ። አልፌዋለሁ።

መምህር፦ ካለፍሽው በኋላ ሌላ ጻፍሽ?

ስም የለሽ፦ ሦስት ጊዜ።

ዝምታ፦ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። የውስጥ መልእክት ላኪልኝ።

ትጉህ 12፦ እኔም መስማት እችላለሁ?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ዘግይቼ ነው። ያ 75,000 የሚባለው በወር ነው በዓመት?

መምህር፦ ከላይ አንብብ። ደህና እደሩ።