ዋልካህ ላይ አሸዋ አትጨምር

ወንድሜ፣ «ጓሮዬ ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ለአስር ካሬ መደብ ስንት አሸዋ ልግዛ?» ላልከው፦ አንድ አካፋም አትግዛ። ይህ «አሸዋ ጨምርበት» የሚባል ምክር የስንቱን ገንዘብ በልቶ መሬቱን ድንጋይ አድርጎበታል።

ዋልካ፣ ይህ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ቀዳዳ አላነሰውም። ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው፤ በዚህ ከአሸዋም ይበልጣል። ችግሩ ክፍተቱ መድቀቁ ነው። ከ0.03 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ዝናቡ ባባራ በአንድ ሁለት ቀን ውሃውን ወደ ታች ለቆ አየር ያስገባል። ከ0.0002 ሚሊሜትር የሚጠበው ደግሞ ጨምድዶ ስለሚይዘው ሥር ሊመጠው አይችልም። ተክሉ የሚጠጣው በሁለቱ መሃል ካለው ነው። አፈሩ ሲጨበጥ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቃሪያው የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

አሸዋ ስትጨምርበት ደቃቁ ሸክላ በአሸዋው ፍሬዎች መሃል ገብቶ ይደፍነዋል። ፍሬዎቹ ተነካክተው ቀዳዳ እንዲፈጥሩ ከድብልቁ ከግማሽ በላይ አሸዋ መሆን አለበት። አስር ካሬ በ20 ሳንቲሜትር ጥልቀት 2 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ከዚያ የበለጠ አሸዋ ልታስገባ ማለት ነው።

1. በአሸዋው ፈንታ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 5 ሳንቲሜትር አልብሰው። ለአስር ካሬ ግማሽ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 50 ሊትር ማዳበሪያ ከረጢት 10 ይሆናል። ከላይኛው 15 ሳንቲሜትር ጋር ቀላቅለው፤ በየዓመቱም 2 ሳንቲሜትር ጨምርበት። ደቃቁን አያይዞ ፍርፍር የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ውሃ የሚያሳልፈው ሰፊ ቀዳዳ በፍርፍሮቹ መሃል ይፈጠራል።

2. የምትቆፍርበት ቀን። ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከ15 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር አውጣና በመዳፍህ አድቦልቡለው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክር ሆኖ ካልተቆረጠ ዶማህን መልስ፤ ክር ሳይሆን ከተፈረፈረ ቆፍር። ዶማው ያለፈበት ፊት እንደተለሰነ ግድግዳ ካብረቀረቀ ቀዳዳውን ደፍነኸዋል። የምርግ ጭቃ ለምን ይረገጣል? ጠቅጥቆ እንዲያያዝ ነው። እርጥብ መደብ ላይ መራመድም ያንኑ መሥራት ነው፤ ስለዚህ ከግራና ቀኝ እጅህ እንዲደርስ መደቡ ከ1.2 ሜትር አይስፋ፣ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ባለ 40 ሳንቲሜትር ቦይ ይኑረው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለችው የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካቸውን በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡ የሚያጠነፍፉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትልቅ እውቀት ነው። ቦዩ ግን መውጫ ይኑረው፦ በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ዝቅታ ይበቃዋል። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው።

«ጂፕሰም ጨምር» የሚልህም ይመጣል፤ ጂፕሰም ሶዲየም የበዛበትን አፈር የሚያክም ማዕድን ነው። መጀመሪያ የደረቀ፣ የአተር ፍሬ የሚያክል ጓል በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ ጣልና ሳትነካው አሳድረው። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ጥርት ብሎ ካደረ ጂፕሰም አያስፈልግህም። በጓሉ ዙሪያ እንደ ወተት ያለ ደመና ከታየ ግን ሶዲየም ሊኖርበት ስለሚችል አፈሩን አስመርምር።

በጋ ላይ ሳይሰነጠቅ በፊት 5 ሳንቲሜትር የጤፍ ጭድ ጎዝጉዝበት። ከተሰነጠቀ በኋላ ባንዴ ብታጠጣው ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ በታች ይሄዳል፤ መጀመሪያ ትንሽ አርከፍክፍ፣ ስንጥቁ እስኪገጥም ጠብቅ፣ ከዚያ አጠጣ።