ሌሊት ውሻ ቢታመም ባህር ዳር ላይ ማን ይጠራል ላልሽው

እህቴ በመጀመሪያ ስለውሻችሁ በጣም አዝናለሁ። የፃፍሽውን ትናንት ማታ አንብቤ ጠዋት እመልሳለሁ ብዬ ተኛሁ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፣ እሱን መጀመሪያ ልበልሽና ወደ ጥያቄሽ እመለሳለሁ።

ያልሽው በአጭሩ እንዲ ነው፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ውሻችሁ አረፋ እየደፈቀ ሲንዘፈዘፍ አገኛችሁት፣ ወንድምሽ አፉን በእጁ ፈልቅቆ ወተት አጠጣው፣ የምትወስዱበት ክሊኒክ አጣችሁ፣ ንጋት ላይ ሞተ። አሁን ቡችላ ልታመጡ ነው፣ ሌላ ጊዜ እንዲ ቢሆን የት ይኬዳል፣ ወተቱስ ትክክል ነበር ወይ ነው ጥያቄሽ።

እኔን ያስጨነቀኝ ወንድምሽ ነው። ብዙ ሰው መርዝ ነው ብሎሻል፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን ውሻው መከተቡን አልፃፍሽም። ያልተከተበ ውሻ አረፋ ደፍቆ ሲሞት የእብድ ውሻ በሽታ አይደለም ብሎ ከስልክ ጀርባ ሆኖ መማል የሚችል ሰው የለም። ሰው ያበደ ውሻ ሲባል ሰፈሩን እየዞረ የሚናከስ ብቻ ይመስለዋል፣ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚያልፍም አለ እኮ፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ልክ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ አጥንቱን ላውጣ ብሎ እጁን ይከታል። ለሃጩ ደግሞ እጅ ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ወይ በዓይን በአፍ ከገባ በቂ ነው፣ የግድ መናከስ የለበትም።

ስለዚ ዛሬውኑ እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ (አሁን ምን ያደርጋል አትበይ) ከዛ ጤና ጣቢያ ይሂድና የሆነውን ይንገራቸው። ክትባቱ እነሱ ጋ ባይኖር የት እንደሚሰጥ ይነግሩታል። ውሻው በህይወት ቢኖር 10 ቀን ታይቶ ደህና ከሆነ ልብ ያርፍ ነበር፣ የናንተ ሞቷል፣ የሚታይ ነገር የለም። ቀናት አልፈዋል ብሎም አይተው፣ በሽታው ሰው ላይ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል፣ ክትባቱ የሚሰራው ምልክት ሳይጀምር ነው፣ ከጀመረ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም። ፀበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ፣ ግን መርፌውን ተወግቶ። ውሻውን ገና ካልቀበራችሁት ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉና ምርመራ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ራሳችሁ ምንም እንዳትነካኩ።

እሺ አሁን ወደ ወተቱ። አጭሩ መልስ አይደለም ነው፣ ረጅሙን ደግሞ በራሴ ውሻ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የዛሬ ሶስት አመት ጥቅምት ላይ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ግቢያችን ሳር ብቻ ሆኖ (ሽምብጥ ነው ምንኖረው) መቻል የሚባለው ውሻዬ ጆሮው መዥገር በመዥገር ሆነ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ዲያዚኖን ገዛሁ፣ ለከብት የሚረጨውን። ሻጩ በውሃ በጥብጠህ እጠበው አለኝ፣ ስንት በስንት ብዬ አልጠየኩም፣ እሱም አልነገረኝም፣ በቆርኪ እየለካሁ ትንሽ ጠንከር ይበል ብዬ ጨመር አረኩበት። ማታ 12 ሰዓት አጠብኩት። ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ቆርቆሮ በሩን እየተጋጨ ሲወድቅ ሰምቼ ወጣሁ፣ ለሃጩ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ብሌኑ ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፣ ሽንቱንም ሰገራውንም ለቆታል።

ከዛማ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። እናቴ ወተት ይዛ መጣች፣ ጥበቃው ዘይት አለ፣ አከራያችን ሎሚ አሉ። ወተቱ አሸነፈ። ጭንቅላቱን ቀና አርጌ ይዤ ግማሽ ሊትር የሚሆን አፈሰስኩበት፣ ጉሮሮው ገር ገር ሲል ጠጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል እኮ!

ከዛ ስልክ። በየቀኑ በፊቱ የማልፈው ክሊኒክ ታፔላ ላይ ያለው ቁጥር ዝግ ነው። ሌላ ጋ ደወልኩ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አምጣው። ሶስተኛው ለውሻ ሌሊት አንወጣም ብሎ ዘጋው። የማውቀው ቁጥር አለቀ። እናቴ ናት በመጨረሻ ወተት የምንገዛቸውን እትዬን የቀሰቀሰቻቸው፣ አራት የፈረንጅ ላም አላቸው፣ ላም ደግሞ ምጥ የሚጠናባት ሌሊት ነው። እትዬ አንዴ ደወሉ፣ ሐኪማቸው በሁለተኛው ጥሪ አነሱ።

እና እህቴ ለዋናው ጥያቄሽ የኔ መልስ ይሄ ነው፣ ባህር ዳር ላይ ሌሊት የሚነሳው ሐኪም የላም ሐኪም ነው። የውሻና ድመት ድንገተኛ ክፍል ብሎ 24 ሰዓት በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ቦታ እኔ በዛ ሌሊትም ከዛ በኋላም ስፈልግ አላገኘሁም። የመንግስት ክሊኒክ በስራ ሰዓት ነው፣ እዛም ወረፋው የበሬ የበግና የአህያ ነው፣ በነሱ አይፈረድም ገበሬው የሚኖረው በሱ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ቢሾፍቱ ላይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ግን አሁን ለሚንዘፈዘፍ ውሻ ጎንደር 180 ኪሎሜትር ነው፣ ሌሊት ደግሞ ባጃጅ እንኳን ስታገኚ ውሻ ነው ስትይው ነድቶ ይሄዳል። ሰፈርሽ ውስጥ የወተት ላም ያለው ሰው ፈልጊና ሌሊት ማን ጋ ነው ምትደውሉት ብለሽ ጠይቂ፣ ከዛ ለዛ ሐኪም ቀን ላይ ደውለሽ ውሻም ያያሉ ወይ፣ ሌሊት ይመጣሉ ወይ፣ ስንት ነው ሚያስከፍሉት በያቸው። ሁለት ቁጥር ያዢ፣ አንዱ ገጠር ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ዶክተሩ በስልክ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ኪሎ ነው ነበር። አላውቅም። ምን በላ? አላውቅም። ከዛ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተደረገለት አሉኝ፣ ያኔ ነው ራሴን የያዝኩት። መርዙን የቀባሁት እኔው ነኝ። አሁኑኑ ጓንት አድርግና በላርጎ ደጋግመህ እጠበው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከት አሉኝ። ከገባው ወተት በኋላ ነው እንግዲህ። በሞተር 40 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶባቸው መጡ፣ አትሮፒን የሚባለውን የዚህን መርዝ ማርከሻ ወጉት፣ እየጠበቁ ደገሙት፣ ለሃጩ እየደረቀ ሲመጣ አየሁት። ንጋት ላይ ውሻው በእግሩ ቆመ።

በሶስተኛው ቀን ግን ትኩሳትና ሳል ጀመረው፣ መብላት አቆመ። ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ሆኗል። መርዙን በአንድ ሌሊት ተገላገለ፣ ወተቱን ለመገላገል ሁለት ሳምንት መርፌ ፈጀ። የሚንዘፈዘፍ ወይ ራሱን የሳተ እንስሳ መዋጥ አይችልም፣ ያፈሰስሽው ሁሉ ወደ ሳንባ ነው ሚሄደው፣ ዘይቱም ሎሚውም ያው ነው። የአይጥ መርዝ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይሆናል፣ ምግብ ሲገባ ደግሞ ጨጓራ አሲድ ይጨምራል፣ ስለዚ አብሉት አጠጡት የሚለው ምክር ጋዙን ማብዛት ነው። ካስመለሰ መስኮት ክፈቱ፣ ጋዙ ሰውንም ይጎዳል። ሌላ ዓይነት የአይጥ መርዝም አለ፣ ከበላው በኋላ ለቀናት ምንም ሳይመስል ቆይቶ ደም የሚያፈስ፣ ለሱ ቫይታሚን ኬ 1 የሚባል መድኃኒት አለው በጊዜ ከተደረሰ። ለዛ ነው ፓኬቱን ወይ ያስመለሰውን በፌስታል ይዞ ለሐኪም ማሳየት ወርቅ የሆነው። በጨው አስመልሺው የሚልሽን ደግሞ አትስሚ፣ ጨዉ ራሱ ይገላል፣ ማስመለስ ካለበት ሐኪሙ በስልክ ይወስን።

ሐኪም እስኪመጣ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ሲንዘፈዘፍ አትያዢው፣ ምላሱን ይውጣል ብለሽ እጅሽን አትክተች፣ ሚጋጭበትን እቃ አርቂ፣ መብራቱን ቀንሺ፣ ሰው ሁሉ ፀጥ ይበል (ለውሻ የሚጣለው መርዝ አንዳንዱ በድምፅ ብቻ እንደገና ያንዘፈዝፋል)፣ ሰዓት ያዢ፣ ስልክሽ ላይ ቪዲዮ ቅረጪ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ቆሞ ደግሞ ከጀመረ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሌላ የማይጠበቅ ነገር፣ ድዱ ነጭ ከሆነ፣ ድዱን በጣትሽ ተጭነሽ ስትለቂው በ2 ሰከንድ ካልቀላ፣ ትልቅ ውሻ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ላስመልስ እያለ ምንም ካልወጣው፣ ወንድ ድመት ሽንት ሊሸና እያማጠ ጠብ ካላለለት። ይሄን የድመቱን ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት ነው ብሎ ይተወዋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል።

ጣና ዳር ለምትኖሩ ደግሞ መንጠቆ! አሳ የሚያጠቡበት ቦታ የሚዞር ውሻ የቆሮሶ አሳ ሆድቃ ከነመንጠቆው ይውጣል፣ ከአፉ ክር ተንጠልጥሎ ካየሽ አትጎትቺ፣ አትቁረጪውም፣ እንዳለ ይዘሽው ሂጂ። የጎረቤቴ ልጅ ጎትቶት ጉሮሮውን ቀደደው።

የሰው መድኃኒት ለእንስሳ አትስጪ። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመት ይገላል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ፀሐይ መትቶት ሚያለከልክና ሚንገዳገድ ከሆነ ጥላ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስሽ አራግቢለት፣ በረዶ አይደለም።

ቡችላውን በተመለከተ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ የፓርቮ (ቡችላን በደም ተቅማጥና ትውከት የሚገድለው በሽታ) ክትባት፣ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው፣ የእብድ ውሻው ደግሞ 3 ወር ሲሞላው። ክትባቱ ሁሌ ስለማይገኝ ቡችላው ሳይመጣ ጠይቂ፣ ካልጨረሰ ሰፈር አታዙሪው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ካየሽ በኦአርኤስ አትታገይ፣ በደም ስር ፈሳሽ ነው ሚያድነው፣ እሱም በሰዓታት ውስጥ።

ኪሎውን እወቂ፣ እኔ መቻልን በየሶስት ወሩ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ፣ ባለወፍጮው መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር አሁን ራሱ ነው ሚጠራው፣ 27 ኪሎ ገብቷል። ቁጥሩን ከሐኪሙ ስልክ ጋር ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የሐኪሙን ስልክ እዚህ አልፅፍም፣ ሳያስፈቅዱኝ ነው ሚሆነው፣ በውስጥ መስመር ፃፊልኝና ጠይቄያቸው እሰጥሻለሁ። ግን ከዛ በፊት ወንድምሽን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ምን እንዳሉት እዚሁ ፃፊልን እየጠበኩ ነው።