ሞደም ከመግዛትህ በፊት ምድር ቤት ውረድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኬብል ኢንተርኔት የሚያቀርብልህ ኩባንያ በሌሊት የመስመር ጥገና አካሂዷል። ጠዋት ስትነሣ የሞደምህ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ለአሥር ደቂቃ ይሠራና መልሶ ይጠፋል። ስትደውልላቸው ደግሞ «ሞደምህ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» አሉህ። አትግዛ! እኔ ይህንኑ ምክር ሰምቼ 190 ዶላር ከስሬአለሁ። ቤቱን ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት ስላልክ የአንተም ጉዳይ የእኔው እንደሆነ አምናለሁ።

ነቅለህ ሰካው፣ ኬብሉን አጥብቀው የሚለውን ሁሉ እንደጨረስክ ስለማውቅ አልደግመውም። ወደ ዋናው ልሂድ።

1. የሞደሙን ገጽ ክፈትና ፎቶ አንሣ። በኮምፒውተርህ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ በምትጽፍበት ቦታ 192.168.100.1 ብለህ ጻፍ። አብዛኛው የኬብል ሞደም በዚህ ቁጥር ይከፈታል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። ከኩባንያው ወደ አንተ የሚመጣው የሲግናል ኃይል (ገጹ ላይ dBmV በሚል መለኪያ ይጻፋል) ከ-7 እስከ +7 ባለው ውስጥ ከሆነ በዚያ በኩል ሰላም ነው። ከአንተ ወደ ኩባንያው የሚሄደውን ግን ደኅና አድርገህ እየው። እዚያ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ደግ አይደለም፤ ሞደሙ የሚሰማው አጥቶ እየጮኸ ነው ማለት ነው። ከ50 ካለፈ ተጠራጠር። የእኔ 54 ነበር። የክስተት መዝገቡ ላይ ደግሞ «ቲ3» የሚል ማስጠንቀቂያ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ አገኘሁ። ሞደሙ ወደ ኩባንያው ተጣርቶ መልስ አጣ ማለት ነው።

2. በስልክ ቢያዙህም ሞደሙን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው አትመልሰው። እኔን አዘዙኝና አደረግሁት፤ የሦስት ቀን መዝገብ በአንድ ጊዜ ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ «እስቲ ማስረጃሽን አሳዪ» ስባል የማሳየው አልነበረኝም።

3. ቅርንጫፍ ቢሯቸው ከሄድክ ቁጥሮቹን በወረቀት ይዘህ ሂድ። እኔ ይዤ ሄጃለሁ፣ ግን ማን ያየዋል? አንድ ሰዓት ተሰልፌ ስደርስ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ መልሶ ገፋው። ሞደሙ በተገዛ በሁለት ዓመቱ፣ ዓይነቱን እንኳ ሳይጠይቀኝ «አሮጌ ነው» አለኝ። ወይ የእነሱን በወር 15 ዶላር እንድከራይ፣ ወይ አዲስ እንድገዛ ነገረኝ። አነጋገሩ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። ቃል በቃል እየለየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጆሮዬ የማይሰማ ይመስል ነበር የሚያናግረኝ። እኔ በእንግሊዝኛ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። በስልክ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በቀን ስንት ሐኪም አናግራለሁ።

ሥራዬ ደግሞ የሚከፈለኝ በደቂቃ ነው። መስመሩ ከተቋረጠ ክፍያ የለም፣ ደጋግሞ ከተቋረጠ ደግሞ ጥሪ አይመጣልኝም። ጥገናው በተደረገ በማግስቱ አንዲት እናት ከሆስፒታል ሊወጡ፣ ሐኪሙ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አወሳሰድ እያስረዳቸው ነበር። «ይህን መድኃኒት ከዚህኛው ጋር አብረው…» ብሎ ሳይጨርስ መስመሩ ጠፋ። ተመልሼ ልገናኛቸው አልቻልኩም። ሌላ አስተርጓሚ እንደተተካ ይነግሩናል፣ ቢሆንም ያን ሌሊት አልተኛሁም። ለዚህ ነው ተጣድፌ በማግስቱ አዲስ ሞደም የገዛሁት።

አዲሱ ሞደም ለግማሽ ሰዓት ሠራና ያንኑ ማድረግ ጀመረ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ፤ ሁለት የተለያዩ ሞደሞች በአንድ ዓይነት መንገድ ከታመሙ ጥፋቱ የሞደሙ አይደለም። እኔ ግን «ቴክኒሺያን ይመጣል» ተብዬ ጠበቅሁ። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላለፈ። የመጣ ዕለት ከቤት ውጭ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ለካ፣ «የእኛ ሲግናል በጣም ጥሩ ነው» ብሎ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሄደ። በወሩ መጨረሻ ለዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ 100 ዶላር ሂሳቤ ላይ ተጨመረ። ቀጠሮው እስኪደርስም ሞደሙን የምመልስበት የ15 ቀን ጊዜ በሁለት ቀን አለፈኝ። ስለዚህ ዛሬ ቀን ቁጠር፤ የገዛኸው ነገር ካለ ነገ መልሰው።

ይሁንና ሰውዬው ሳያውቀው ፍንጭ ሰጥቶኝ ነበር። ውጭው ጥሩ ከሆነና ሞደሙ ጋ መጥፎ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ከግድግዳው የሚገባውን ጥቁር ኬብል በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ፣ ጣራው ሥር፣ ጡጫ የምታክል ግራጫ የብረት ሳጥን አገኘሁ። አንድ ኬብል ይገባባታል፣ አራት ይወጣባታል። የፊተኛው ባለቤት በየክፍሉ ቴሌቪዥን ሲያስገባ የሰቀላት አምፕሊፋየር (የሲግናል ማጉያ) ናት። አቧራውን በአውራ ጣቴ ብጠርገው «5–42» እና «54–1000» የሚሉ ጽሑፎች ወጡ።

ወደ ላይ ሮጬ የሞደሙን ገጽ ከፈትኩ። ወደ ኩባንያው ከሚሄዱት መስመሮች ከ42 ሜጋኸርትዝ (የሲግናሉ ድግግሞሽ መለኪያ ነው) በታች ያሉት አራቱ ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ያለው አዲሱ፣ ከጥገናው በፊት ያልነበረው፣ አልያዘም። ያኔ ገባኝ። እዚህ አሜሪካ በኬብል ከቤት ወደ ኩባንያው የሚሄደው ሲግናል ለረጅም ዘመን የሚጓዘው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርትዝ ባለው ውስጥ ነበር። አሁን ኩባንያዎቹ የመላኪያውን ፍጥነት ለመጨመር ያንን ወደ 85፣ አንዳንዶቹም ወደ 204 እያሰፉት ነው። በራችን ላይ «ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አገልግሎት ይቋረጣል» የሚል ወረቀት ሰቅለው የሠሩት ይህንኑ ነው። የድሮዋ አምፕሊፋየር ግን በ42 ላይ በሯን ትዘጋለች። ሞደሙ በአዲሱ መስመር ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ መልስ ሲያጣ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በስልክ ካናገርኳቸው አራት ሰዎች አንዱ እንኳ ሊነግረኝ አልቻለም።

አንተም እንዲህ አድርግ። አምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበትን ሶኬት መጀመሪያ ንቀል፤ አንዳንዱ ከሳጥኑ ርቆ ሌላ ክፍል ውስጥ ስለሚሰካ ፈልገው። ቀጥሎ በ11 ሚሊ ሜትር መፍቻ ከውጭ የሚገባውንና ወደ ሞደሙ የሚሄደውን ኬብል ፍታና ሁለቱን በአንዲት ትንሽ ማያያዣ አገናኝ። ማያያዣዋን ከሃርድዌር ሱቅ በ3 ዶላር ነው የገዛሁት። ሌላ ቴሌቪዥን በኬብሉ የማትጠቀም ከሆነ ስፕሊተርም (ኬብሉን ለብዙ የሚከፍለውን ዕቃ) አታስገባ። ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር እንኳ በየመውጫው ወደ 3.5 ዴሲቤል የሲግናል ኃይል ይወስድብሃል። እኔ ኬብሉን ቀጥታ ካገናኘሁ በኋላ 54 የነበረው ወደ 43 ወረደ፣ አዲሱም መስመር ያዘ። ይኸው ሰባት ወር ሆነው፣ አንድም ጥሪ አልተቋረጠብኝም። የድሮውም ሞደም ያው ነው፤ «አሮጌ» ያሉት።

ስለ 100 ዶላሩ ደግሞ ዝም አላልኩም። ስልክ ላይ ሦስት ሰዓት ተንገላትቼ «አይመለስም» ሲሉኝ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ አቤቱታ አስገባሁ። በነጻ ነው፣ በድረ ገጹ ላይ ይሞላል፣ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የጥገናውን ቀን፣ የደወልኩበትን ሰዓት፣ የቁጥሮቹን ፎቶ አያይዤ ላክሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከኩባንያው አንዲት ሴት በትሕትና ደወለችልኝ፤ 100 ዶላሩ ተሰረዘ፣ አገልግሎት ያላገኘሁባቸውም ቀናት ከሂሳቤ ተቀነሱ። የሞደሙን 190 ግን የሚመልስልኝ የለም።

ዛሬ ማታ ምድር ቤት ወርደህ እይ። እዚያ ካጣህ ቁም ሳጥን ውስጥና በኮርኒሱና በጣራው መካከል ባለው ቦታም ፈልግ። ሳጥኗን ካገኘህ ላይዋ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥተህ ከሞደሙ ገጽ ፎቶ ጋር እዚህ ለጥፈው። ከሥራ እንደወጣሁ አየዋለሁ።