የባቡር ነጂ በግራ ነው በቀኝ የሚቀመጠው? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ባሕር ዳር ሐዲድ ባይደርስባትም ስለ ባቡር የሚጠይቅ ሰው አላጣችም። የአሁኖቹ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ነጂው ጋቢና ውስጥ በየት በኩል ይቀመጣል? አገር ከአገርስ ለምን ይለያያል? እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፔዳ)፦ ጋሼ፣ መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር የባቡሩም ነጂ እንደ ሾፌር በግራ ይቀመጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሾፌር ወደ መንገዱ መሃል የሚጠጋው ከፊት የሚመጣውን አይቶ እንዲቀድም ነው። ባቡር አይቀድምም፣ የሚዞር መሪም የለውም። ነጂው ዓይኑን የሚተክለው ሐዲዱ ዳር በቆመው ሲግናል (ቁም ወይም እለፍ በሚለው ምልክት) ላይ ስለሆነ ወንበሩ ወደ ሲግናሉ ይጠጋል። ፈረንሳይ ውስጥ መኪና በቀኝ ይሄዳል፣ ባቡር ግን በግራ፤ ነጂውም በግራ ነው። በጀርመንና በሩሲያ ባቡሩም ነጂውም በቀኝ ናቸው። በሕንድ፣ በጃፓንና በቻይና ደግሞ ሁለቱም በግራ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1967 መኪናዎቿን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞር ባቡሮቿን አልነካችም፣ ዛሬም በግራ ይሄዳሉ። እኛም በ1956 ዓ.ም. መኪናን ወደ ቀኝ አዙረናል፤ ያኔ የጅቡቲው ባቡር ነጠላ ሐዲድ ስለነበር ምንም የሚዞር ነገር አልነበረውም።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋቢናው እኮ ስፋቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ግራ ተቀመጠ ቀኝ ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ዛሬ ባለው ሰፊ መስታወት ለውጡ ትንሽ ነው። በእንፋሎት ዘመን ግን ከነጂው ፊት የተጋደመው ቦይለር (ውኃ የሚፈላበት ትልቅ በርሜል) ነበር፤ ፊት ለፊቱን ይጋርድበታል። ነጂው በጎን መስኮት አንገቱን አውጥቶ የራሱን ወገን ብቻ ያያል። ነጂው በቀኝ፣ ሲግናሉ በግራ ከሆነ፣ ሩቅ ሳለ ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ይታያል፣ ሲቀርብ ግን ቦይለሩ ይውጠዋል። ሐዲዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ ከሩቁም አይታይም። መፍትሔው ረዳቱ ነበር። ከሰል የሚያካፋው ሰው አካፋውን አስቀምጦ በግራ መስኮት ያያል፣ ያየውንም ጮክ ብሎ ይናገራል። ችግሩ ረዳቱ ብዙ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ዳገት ላይ መሆኑ ነው፤ እሳቱን ሲመግብ ሲግናል ያመልጠዋል። ባቡር ደግሞ እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም፣ ብረት በብረት ላይ አጥብቆ ስለማይይዝ በ100 ኪ.ሜ. ፍጥነት ፍሬን ተይዞም ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ያልፋል፤ ዘግይቶ የታየ ሲግናል ያለፈ ሲግናል ነው።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ታዲያ እንግሊዞች ባቡራቸው በግራ እየሄደ ነጂውን ለምን በቀኝ አስቀመጡት?

መልስ፦ ሁሉም አላስቀመጡትም፤ በኩባንያ ይለያይ ነበር። በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት አካፋ ነው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ረዳት በግራ ቆሞ ሲያካፋ ይመቸዋል፣ ነጂው የቀረውን ቀኝ ወሰደ። ግሬት ዌስተርን የተባለው ኩባንያ እስከ ዘመኑ መጨረሻ በቀኝ ጸንቷል። እ.ኤ.አ. ከ1948 በኋላ የመንግሥት የሆነው የብሪታንያ ባቡር አዲስ ያሠራቸውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ነጂ ግን በግራ አደረገ። በእኔ አመለካከት ትክክለኛው ውሳኔ ይኼኛው ነው፤ ወንበር ለሚያካፋው ምቾት ሳይሆን ለሚያየው ዓይን መቀመጥ አለበት።

ጥያቄ (ከፖሊ)፦ አሜሪካስ?

መልስ፦ በቀኝ። የሚገርመው ቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን የሚባለው መስመር ባቡሮቹን በግራ ሲያስኬድ ኖሮ እንኳ ነጂዎቹ በቀኝ ነበሩ።

ጥያቄ (ከፋሲሎ)፦ የፈረንሳይ ባቡር ጀርመን ሲገባ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ሐዲዱ ራሱ ይሻገራል። በፈረንሳይ ምሥራቅ ያሉት አልዛስና ሞዘል እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1918 በጀርመን እጅ ስለነበሩ እዚያ ባቡር እስከ ዛሬ በቀኝ ነው የሚሄደው። ከቀሪው ፈረንሳይ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዱ ሐዲድ በድልድይ ሌላውን ተሻግሮ ጎን ይቀይራል፤ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል። ወንበሩ አይነቃነቅም፣ ነጂው ግን የሌላውን አገር ሲግናል በየት በኩል እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይሠለጥናል። ቲጂቪ የተባለው ፈጣን ባቡር ነጂውን መሃል አስቀምጦ ነገሩን አቃለለው። በ300 ኪ.ሜ. ፍጥነት በሰከንድ 83 ሜትር ስለሚሄድ የዳር ሲግናል ማንበብ አስተማማኝ አይደለም፤ የተፈቀደው ፍጥነት በሐዲዱ በኩል ተላልፎ ጋቢና ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ይታያል። ከዳር የሚያየው ነገር ከሌለ ወደ ዳር የሚጎትተውም የለም።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ)፦ የአዲስ አበባ–ጅቡቲውስ?

መልስ፦ ሎኮሞቲቮቹ የቻይና ሥሪት ናቸው፤ በቻይና ልማድ የነጂው ወንበር በግራ፣ የረዳቱ በቀኝ ነው።

ጥያቄ (ከጣና ዳር)፦ መምህር፣ ከባቡር ልውጣና፣ ወደ ዘጌ ስሄድ ያየኋቸው የሞተር ጀልባዎች መሪያቸው በቀኝ ነበር። ይኼም ሲግናል አለው?

መልስ፦ ሲግናሉ ሌላው ጀልባ ነው። በውኃ ላይ ሁለት የሞተር ጀልባዎች መንገድ ሲቆራረጡ፣ ሌላውን በቀኙ የሚያየው ነው መንገድ የሚለቀው። ስለዚህ ነጂው ቀኙን ሳይጋረድ ማየት አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው። በአንድ ሞተር የሚሄድ ጀልባ ፕሮፔለሩ (ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገፋው) ከኋላ ሲታይ በብዛት ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ጀልባውን ደግሞ ወደ ግራ ያዘነብላል። ነጂው ቀኝ ሲቀመጥ ይመጣጠናል። አንድ ሰው ብቻ በሚጭን ትንሽ ጀልባ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ (ከፖሊ፣ ለመመረቂያ ሥራ)፦ የባቡር ጋቢና እየነደፍን ነው። ወንበሩን በየት እናድርግ?

መልስ፦ ከወንበሩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሲግናሉ የሚተከልበትን ጎን ወስኑ፣ ቀጥሎ የጣቢያው መሳፈሪያ በየት በኩል እንደሚበዛ፤ ነጂው ብቻውን በር የሚዘጋ ከሆነ ይኼኛውም ይመዝናል። ከዚያ በአውሮፓ ደንብ ፈትሹት። ከባቡሩ ግንባር መጋጫ 10 ሜትር ፊት ለፊት፣ ከሐዲዱ 6.3 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ሲግናል ለተቀመጠ ነጂ መታየት አለበት፤ መሬት ላይ ያለው አጭሩ ሲግናል ደግሞ ከ15 ሜትር። ዓይኑ ከሐዲዱ 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ ከመጋጫው 2 ሜትር ወደ ኋላ ከሆነ፣ ቀና ብሎ የሚያይበት ማዕዘን 18 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ወይም የፀሐይ መከላከያው ከዚያ በታች ከወረደ፣ ነጂው ሲግናሉ ሥር ቆሞ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ሳያውቅ ይቀራል። ይህን መስመር ከጎን የሚታየው ሥዕላችሁ ላይ አስምሩት፣ ለአጭርም ለረጅምም ሰው። ብዙ ተማሪ የሚስተው የመስታወቱን ቋሚ ምሰሶ ነው፤ መሃል ላይ ከተተከለና ወንበሩ ዳር ከሆነ፣ ጥምዝ ላይ ሲግናሉን በትክክል የሚሸፍነው እሱ ነው።