«ምን ነካኝ?» በማረጥ ዘመን ስለሚለዋወጥ ስሜት ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመለስናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል ወይም ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ ብስጭት፣ ሆድ መባስና ጭንቀት። ረዣዥሞቹን አሳጥረናል። «ዕድሜ ነው፣ ቻዪው» የሚለውን ምክር ግን ከማን ቢመጣ አንቀበለውም፤ አብዛኛው ችግር መላ አለው።

«47 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ አንዳንዴ በ20 ቀን፣ አንዳንዴ በሁለት ወር ይመጣል። በትንሽ በትልቁ እጮሃለሁ፤ ጮኼ ሳበቃ ደግሞ አለቅሳለሁ። ማረጥ ይሆን? በደም ምርመራስ ይታወቃል?» (ከደሴ)

ወደ ማረጥ የሚያሸጋግረው ጊዜ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሴት አረጠች የሚባለው ደም ሳታይ ተከታታይ 12 ወር ሲያልፋት ነው። ሽግግሩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ በብዙዎች ላይ ከ4 እስከ 8 ዓመት ይቆያል። ስሜት ክፉኛ የሚናወጠውም በዚሁ ሽግግር ውስጥ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ቀስ እያለ በመስመር አይወርድም፤ በአንዱ ሳምንት ያሻቅባል፣ በሌላው ያሽቆለቁላል። አንጎል ውስጥ ስሜትን የሚያረጋጋው ሴሮቶኒን ደግሞ በኤስትሮጅን የሚታገዝ ስለሆነ አብሮት ይዋልላል። እንቁላል ባልወጣበት ወር እንቅልፍ የሚጋብዘው ሌላው ሆርሞን ፕሮጄስትሮንም እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ለዚህ ነው የሆርሞን ምርመራ በእርስዎ ዕድሜ ብዙም የማይረዳው። ማረጥን ለማወቅ የሚለካው ኤፍኤስኤች የተባለ ሆርሞን ዛሬ ቢለካ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ምልክቱ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። ገንዘብዎን ይልቅ ለሁለት ምርመራ ያውሉት። አንዱ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ ነው፤ ታይሮይድ ሲበዛ የሚያመጣው ቁጣ፣ ላብና የልብ ትርታ ከማረጥ ምልክት ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ሲያንስም ድብርት ያመጣል። በተለይ አንገትዎ ላይ እንቅርት ካለ አይለፉት። ሁለተኛው የደም ማነስን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ምርመራ ነው። በሽግግሩ ወቅት የሚፈሰው ደም ይበዛል፦ ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መቀየር፣ የረጋ ደም መውጣት፣ ከ7 ቀን በላይ መፍሰስ። ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል፤ ደጋ ለሚኖር ሰው ግን 12 ራሱ አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከፍታውን አስቦ እንዲያነበው ይጠይቁ። የብረት ኪኒን ከታዘዘልዎ ከሻይና ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቀው፣ ቢቻል ከብርቱካን ጋር ይውሰዱት። ኪኒኑን በሻይ እያወራረዱ «አልሠራልኝም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

እስከዚያው አንድ ደብተር ይያዙ። ማታ ማታ አምስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ደም ነበር ወይስ አልነበረም፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ፣ ስንት ስኒ ቡና በስንት ሰዓት ጠጡ፣ ብስጭትዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ ከመቆጣትዎ በፊት የነበረው ነገር ምንድን ነው። ስምንት ሳምንት ይበቃል። ቁጣው የወር አበባ ሊመጣ ሲል ባለው ሳምንት የሚከማች ከሆነ ሆርሞኑ ዋናው ነው። ሁሌ እንቅልፍ ባጡበት ሌሊት ማግስት የሚመጣ ከሆነ መታከም ያለበት እንቅልፉ ነው። በወሩ ቀናትም በእንቅልፍም ሳይወሰን በየቀኑ እኩል የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ድብርትን እንጠረጥራለን። ሐኪም ዘንድ ይህን ገጽ ይዞ መቅረብ የአንድ ሰዓት ማብራሪያ ያስቀራል።

«ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ቀን ሰው ሲያናግረኝ እንኳ ያመኛል። ፋርማሲ ዲያዜፓም ልግዛ?» (ከሐዋሳ)

አይግዙ። ዲያዜፓም ለጥቂት ሌሊት ያስተኛል፤ በየቀኑ ሲወሰድ ግን በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፣ ሲያቆሙት ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ላቡን ደግሞ ጨርሶ አይነካውም።

ከቡና እንጀምር፤ እዚህ ላይ ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በ10 ሰዓት ጎረቤት ተጠርተው ከአቦል እስከ በረካ የጠጡት ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አብሮዎት አለ። ስለዚህ ቡናውን ወደ ጠዋት ያምጡት፣ ከ6 ሰዓት በኋላ አይጠጡ። ከሰዓት በኋላ ቢጠሩም ይሂዱ፣ ቁርሱንም ጨዋታውንም አይተዉ፣ ስኒውን ብቻ ይለፉት። በአንድ ቀን ግን አይቁረጡ፤ ራስ ምታቱና ብስጭቱ ለሳምንት ሊያቆይዎ ይችላል። በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ።

መኝታው ላይ፣ አንዱን ወፍራም ብርድ ልብስ ያስወግዱና በቦታው ሁለት ሦስት ስስ ነገር ይደርቡ፤ የጥጥ አንሶላና ከላዩ ነጠላ ጋቢ ቢሆን ሙቀቱ ሲነሳ አንዱን በእግር መግፈፍ ይበቃል። ከናይለን የተሠራ ቢጃማ ላብ ይይዛል፣ ጥጥ ይሁን። ራስጌ ደረቅ ፎጣና ቅያሪ ቲሸርት ያስቀምጡ፤ መብራት አብርተው ቁም ሳጥን ሲከፍቱ ነው እንቅልፉ ጨርሶ የሚሸሸው። ጠጅና ቢራ ቶሎ ያስተኛሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ያስነሳሉ፣ ላቡንም ይጨምራሉ። በርበሬ የበዛበት እራት ሙቀቱን የሚቀሰቅስባቸው ሴቶች አሉ፤ የእርስዎን ደብተሩ ይነግርዎታል።

ከነቁ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል እንደተጋደሙ ከተሰማዎት ይነሱ። ሰዓት አይዩ፣ ስልክ አይንኩ፤ ደብዛዛ ብርሃን ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ቁልፉ ግን ጠዋት ነው፦ እንዴትም ቢያድሩ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፣ እሑድም ጭምር። ያጡትን እንቅልፍ ረፋድ ላይ የሚያካክሱ ከሆነ የሚቀጥለው ሌሊት ይበላሻል። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተስፋ አይቁረጡ።

ይህን ሁሉ አድርገው ላቡ አሁንም የሚቀሰቅስዎ ከሆነ የመድኃኒት ሰዓት ደርሷል፤ ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ። ማታ ማታ ላብ ከትኩሳት፣ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ግን መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ያድርጉ።

«52 ዓመቴ ነው፣ ማሕፀኔ አለ። ሐኪሜ የሆርሞን ፕላስተር አዘዘችልኝ፤ እህቴ ካንሰር ያመጣል ብላ አስፈራራችኝ።» (ከሜሪላንድ)

የእህትዎ ፍርሃት ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የታወጀ አንድ ትልቅ ጥናት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት) አብረው ሲወሰዱ የጡት ካንሰርን እንደሚጨምሩ አሳየ። ጭማሪው ግን በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ያህል ነበር፤ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜም 63። ዛሬ የሚታመነው፣ ካረጡ 10 ዓመት ሳይሞላ ወይም ከ60 ዓመት በፊት ለሚጀምሩ ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ እንደሚያመዝን ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከሚዋጠው ይልቅ የደም መርጋት አደጋው ያነሰ ነው።

ፕላስተሩ ኤስትሮጅን ብቻ ከሆነ ግን ከእሱ ጋር ፕሮጄስትሮን መታዘዙን ያረጋግጡ። ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻዋን ስትወስድ የማሕፀን ግድግዳ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ፕሮጄስትሮን የሚወሰደው ማታ ነው፤ ያስተኛል። ብዙዎቹ ፕላስተሮች በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራሉ፤ ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ፣ ቅባት ባልነካው ደረቅ ቆዳ፣ በየጊዜው ቦታ እየለወጡ ይለጥፏቸው። ጡት ላይ አይለጠፍም። ገላ ታጥበው ሎሽን የተቀቡበት ቦታ ላይ ከሆነ ይላቀቃል፤ መድኃኒቱ ሳይገባ ይቀርና ስሜቱ እንደገና ይረበሻል።

ሙቀቱ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል፤ ስሜቱን ለመፍረድ እስከ 3 ወር ይስጡት። ፕሮጄስትሮን ሲጀምሩ ሆድ የሚብስዎ ከሆነ ሳያቋርጡ ለሐኪሟ ይንገሩ፣ ዓይነቱ ይቀየራል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ)፣ ከባድ የጉበት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም መፍሰስ ያጋጠማት ሴት ግን ይህ መንገድ ለእሷ አይሆንም ማለት ይቻላል።

«ባለቤቴ ተለወጠችብኝ። ምንም ብናገር ጠብ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬ ያስቆጣታል።» (ከነታንያ)

ሲጋጋል ስለ ሆርሞን አያንሱ፤ «ያ ነገርሽ መጣብሽ» የሚል ቃል የያዘችውን እውነተኛ ቅሬታ ይሰርዝባታል። ተረጋግታ ሳለች አንድ ስምምነት ያድርጉ፦ ከሁለታችሁ አንዱ «ቆይ» ካለ ንግግሩ ለግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ከዚያ የግድ ይቀጥላል። መቀጠሉ ነው ዋናው፤ ካልቀጠለ እንደ ሽሽት ይቆጠራል። ሌሊት ተኝታ ካላደረች የጠዋቱን ሥራ ይውሰዱ። ግንኙነት የምትሸሽ ከሆነ ደግሞ ጥላቻ አድርገው አይውሰዱት፤ የብልት መድረቅ ያማል፣ ውሃ መሠረት ያለው ማለስለሻ ወይም በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም በእጅጉ ይረዳል። ኩፓት ሖሊም (የእስራኤል የጤና መድን ተቋም) ያለችውን የማሕፀን ሐኪም አብራችሁ ብታዩ መልካም ነው።

«እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ከ7 ሰዓት ጀምሮ ራሴን አላውቀውም፤ ጾሜ በቁጣ ይበላሻል።» (ከጎንደር)

ሦስት ነገር ተደራርቦብዎታል፦ የስኳር መውረድ፣ የውሃ ጥማትና የቡና ሱስ። የመጨረሻውን ለማስታገስ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ቡናውን ይቀንሱ። ማታ ዳቦና ሻይ ብቻ ከሆነ የሚበሉት ስኳሩ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ይወርዳል፤ ምስር፣ ሽሮ ወይም የሽምብራ ዓሣ በጤፍ እንጀራ ቢሆን ይዘልቃል። ሲፈቱም በሻይና በስኳር አይጀምሩ። ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፣ አብዛኛውን ከመምሸቱ በፊት። ስኳር በሽታ ካለብዎት ወይም ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ከታዘዘልዎ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ከዚያም ለንስሐ አባትዎ ያስረዱ፤ ለሕመምተኛ ማቅለል አዲስ ነገር አይደለም። እጅና እግርዎን የሚያደነዝዝዎ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ይመርመሩ፤ ማነሱ ድብርትም ያመጣል።

«እናቴ 50 ዓመቷ ነው። ወር ሊሞላት ነው ከቤት አትወጣም፣ አትበላም፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወች። ትናንት ‹ምነው በሞትኩ› አለች። የማረጥ ነው ይላሉ ዘመዶቿ።» (ከአዲስ አበባ)

ይሄ የስሜት መለዋወጥ አይመስልም። የማረጥ ብስጭት ይመጣል ይሄዳል፣ በመካከሉ የሚያስቅ ቀን አለው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ትወደው ከነበረው ነገር ሁሉ የሚለያት ከሆነ ድብርት ነው። ዛሬውኑ ብቻዋን አድርገሽ ጠይቂያት፦ «እማዬ፣ ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይከትባትም፤ ያቀልላታል እንጂ። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተያት፣ መድኃኒቶችን፣ የተባይ መርዝንና በረኪናን ከቤት አስወጪ፣ በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ። አሜሪካ ያላችሁ በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ትችላላችሁ።

እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ቢጀመርላት ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊኖር ይችላል፣ ብዙዎች ኪኒኑን የሚጥሉት ያኔ ነው። ከተሻላት በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል። ጸበል ብትሄድ ኪኒኗን ይዛ ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«የሦስት ወር መርፌ እወጋለሁ፣ ደም ካየሁ ቆየሁ። አርጬ እንደሆን በምን ልወቅ?» (ከሪያድ)

በመርፌው ላይ እያሉ የደሙ መቅረት ምንም አይነግርዎትም። 50 ዓመት ሲሞላዎ ወደ ሌላ መከላከያ ስለመቀየር ያማክሩ፤ መርፌው አጥንት ያሳሳል። ሆርሞን የሌለው መከላከያ ላይ ከሆኑ መከላከያ የሚተወው የመጨረሻው ደም ከታየ ከ50 በላይ ከሆኑ 1 ዓመት፣ ከ50 በታች ከሆኑ 2 ዓመት ሲያልፍ ነው።

«ተልባና አኩሪ አተር ይረዳሉ?» (ከአዳማ)

ምግብ ናቸው፣ አይጎዱም፤ ሙቀቱን በጥቂቱ የሚያቀልላቸው ሴቶች አሉ፣ ለቁጣው ግን ብዙ አይጠብቁ። ውጭ አገር ያላችሁ «ሴንት ጆንስ ዎርት» የሚባለውን ቅጠል ከድብርት ኪኒን ጋር አትደርቡ፤ የኤችአይቪ መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም ያዳክማል።

«የጡት ካንሰር ታክሜ ታሞክሲፌን እወስዳለሁ። ለሙቀቱና ለንዴቱ ፍሉኦክሴቲን ሰጡኝ።» (ከባሕር ዳር)

ወደ ሰጡዎት ሐኪም ይመለሱና ታሞክሲፌን እንደሚወስዱ ያስታውሷቸው። ታሞክሲፌን ሥራውን በደንብ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ከለወጠው በኋላ ነው፤ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ያንን ኢንዛይም ይዘጉታል። ቬንላፋክሲን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ሙቀቱንም ስሜቱንም ይረዳል፣ ኢንዛይሙን ብዙም አይነካም፤ የሚጀመረው በ37.5 ሚሊግራም ነው፣ የደም ግፊትዎ ግን ይለካ። ታሞክሲፌኑን በምንም ምክንያት በራስዎ አያቁሙ።